ሰፌዱ ከሙሽሮች ጀርባ፣ ሪቫኑ በጆጉ አንገት

ጥያቄ፦ «የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ሠርጌ ግንቦት መጀመሪያ ላይ እሑድ ቀን ነው። ድግሱ ደሴ በእጮኛዬ ቤተሰቦች ግቢ ድንኳን ተጥሎ፣ መልሱ ደግሞ ማክሰኞ ኮምቦልቻ እኛ ቤት ነው። 300 ሰው ተጠርቷል፤ ግማሽ ያህሉ ሙስሊም ዘመዶቻችንና ጎረቤቶቻችን ናቸው። የዲኮር ባለሙያዎች የጠሩልኝ ዋጋ ከአቅማችን በላይ ሆነብን። እናቴና አክስቶቼ ሰፌድ ይሰፋሉ፤ እኔም የልብስ ስፌት መኪና አለኝ። አምስት ሴቶች ነን፤ ሦስት ወር ይቀረናል። ስልኬ ላይ የማየው ሁሉ ያምረኛል። የቱን በእጃችን እንሥራ? የቱን እንተው?» ሙሽሪት ነኝ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እኅታችን፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ አብሽሪ። ብሩን ከመቁጠርሽ በፊት የእጃችሁን ሰዓት ቁጠሪ። ሦስት ወር ሲባል 12 ቅዳሜ ይመስላል። ሕማማቱ፣ ፋሲካው፣ ያልታሰበ ለቅሶና ክርስትና ሲቀነስ ግን 8 ቅዳሜ ይቀራችኋል ብለሽ ያዢ። አምስት ሴት ከሰዓት በኋላ ለ4 ሰዓት ብትቀመጥ በጠቅላላው 160 ሰዓት ይሆናል። አሁን ይህን ስልክሽ ላይ ካሉት ምስሎች ጋር አስተያዪው። ለእያንዳንዱ እንግዳ የሚደረግ ነገር፣ የጥሪ ካርድ ላይ ጥለት መለጠፍም ሆነ ሶፍት በአበባ ቅርጽ ማጠፍ፣ አንዱ 5 ደቂቃ ቢፈጅ ለ300 ሰው 25 ሰዓት ይበላል። እንግዳው ደግሞ ሶፍቱን አንስቶ እጁን ይጠርግበታል እንጂ ቅርጹን አያይልሽም።

ስለዚህ 300 ጊዜ የሚደገመውን ሥራ ቀንሺ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ሁሉም ሰው ቆሞ የሚያየውን ግን ሳትሰስቺ አሳምሪው። እንግዳ የሚቆምባቸው ቦታዎች አራት ናቸው፤ የሙሽሮች መቀመጫ፣ የምግብና የመጠጥ መደርደሪያው፣ የቡናው ቦታና መግቢያው። የድንኳኑን ጣሪያ በጨርቅ የማልበሱን ሥራ ለድንኳን አከራዩ ተዪው። መሰላል ይፈልጋል፣ ከ50 ሜትር በላይ ጨርቅ ይፈጃል፤ ደሴ በግንቦት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከጣለም ቀለም የሚለቅ ጨርቅ በእንግዳ ነጠላ ላይ ይንጠባጠባል።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ የሚቀድም ነገር አለ። እሑድ ድግሱ የወንዱ ወገን ነው፤ ግቢው የአማትሽ ነው። ያሰብሽውን ሳትጀምሪ እናትሽ ወይም አንዲት ትልቅ አክስትሽ ሄደው ለአማትሽ ይንገሯቸው። ከመንገርም አልፈው ከእሳቸው ሰፌዶች አምስት ስድስቱን ይለምኗቸው። ከሙሽሮች ጀርባ የሁለቱም ቤት እጅ ሥራ ጎን ለጎን ሲሰቀል፣ «የኛ ግቢ በነሱ ዕቃ ተሞላ» የሚል ቅሬታ አይነሳም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር ከዚህ የሚያምር ጌጥ የለም።

ቀለሙን ከስልክ ምስል አትምረጪ፤ ከጥለትሽ ተነሺ። የመልሱን ቀሚስ የሚሠራው ሸማኔ ክሩን ሲገዛ ከእያንዳንዱ ቀለም አንድ አንድ ክንድ ቆርጦ እንዲሰጥሽ ጠይቂው። ያንን ክር በካርቶን ላይ ጠምጥመሽ ሪቫንም ጨርቅም ስትገዢ ይዘሽው ሂጂ፤ ከሱቁ ደጅ ወጥተሽ በፀሐይ ብርሃን አስተያዪው። የሱቅ አምፖል ወርቃማውን ቢጫ፣ ቀዩን ቡናማ ያስመስለዋል። ለቀሚሱ፣ ለነጠላውና ለቤተሰቡ ልብስ የሚሆነው ክር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገዛ፤ በሌላ ጊዜ የተነከረ ክር ስሙ አንድ ቢሆንም መልኩ ይለያል፤ ልዩነቱም ጎን ለጎን ስትቆሙ ይታወቃል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ክር ካለበት ደግሞ ጫፉን በነጭ እርጥብ ጨርቅ ጠበቅ አድርገሽ እሺው። ነጩ ጨርቅ ከቀላ ያ ክር ለሠርግ ልብስ አይሆንም።

ድንኳኑንም ስትከራዪ ቀለሙን ጠይቂ። ቢጫ ወይም ሰማያዊ ሸራ ቀን ላይ ብርሃኑን ስለሚያቀልመው የሰው ፊትም፣ ወጡም፣ ጨርቅሽም ያንኑ ይመስላል፤ ፎቶው በኋላ ቢታረምም ሙሉ በሙሉ አይስተካከልም። ጣሪያው ነጭ ሸራ ካልሆነ ሌላ አከራይ ጠይቂ።

አሁን ወደ ሙሽሮች መቀመጫ እንሂድ፤ ብዙውን ሰዓትሽን እዚህ አውዪው። ሐሳቤ ከሶፋው ጀርባ የሚቆም፣ ተፈትቶ ተጭኖ ማክሰኞ ለመልሱ እንደገና ኮምቦልቻ የሚተከል የሰፌድ ግድግዳ ነው። 3 ሜትር ስፋትና 2.4 ሜትር ቁመት ይበቃል። ስድስት ባለ 4 ሜትር ሞራሌ ግዢ። አግድም ሁለት 3 ሜትር፣ ቋሚ ሦስት 2.4 ሜትር፣ ለእግር ሦስት 1 ሜትር፣ ከኋላ ለሚደግፈው ሰያፍ ሦስት 1.2 ሜትር ይቆረጣል። በምስማር አትምቱት፤ በምስማር የተመታ እንጨት ሲነቀል ይሰነጠቃል፤ ማክሰኞ አይቆምላችሁም። በቡሎን ይታሰር። የቡሎኑ ርዝመት የሚገናኙት ሁለት እንጨቶች ውፍረት ተደምሮ 2 ሳንቲ ሜትር ሲጨመርበት ነው፤ በዳዶው፣ ማለትም በማጥበቂያው ብረት በኩል ሮንዴላ፣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት፣ ይግባበት። 15 ቡሎን ይበቃል፤ ሦስት መጠባበቂያ ያዢ። አናጢው ገጣጥሞ ካሳያችሁ በኋላ ሳይፈታ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ በማርከር ቁጥር ይጻፍ፤ 1 ከ1፣ 2 ከ2። ይህን ያልጻፈ ሰው ማክሰኞ ጠዋት እንጨት ሲያገላብጥ ሁለት ሰዓት ያባክናል።

ለግድግዳው ሁለት ጨርቅ ይኑርሽ። እሑድ ነጭ ቬሎ ስለምትለብሺ ጀርባው ነጭ ከሆነ ልብስሽ ይጠፋል፤ ጥቁር አረንጓዴ ወይም የጡብ ቀለም ይሁን። ማክሰኞ ካባ ትደርቢያለሽ፤ ካባ ጠቆር ያለ ስለሆነ ያኔ ጀርባው ክሬም ይሁን። ሳቲን አትግዢ፤ የካሜራውን ፍላሽ መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ከራሳችሁ በላይ ነጭ ነጠብጣብ ይወጣል። የማያብረቀርቅ ቴትሮን ወይም ጥጥ ይሻላል። 150 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ጨርቅ ለአንዱ ቀለም 6.6 ሜትር ይበቃል፤ ሁለት 3.3 ሜትር ቆርጠሽ በአግድም ትሰፊያቸዋለሽ፤ የሚተርፈው ወደ ኋላ ይታጠፋል። ጨርቁ ሳይሸበሸብ ይወጠር፤ በሽብሽብ ላይ ሰፌድ ተደላድሎ አይቀመጥም።

ሰፌዱን በተመለከተ አዲስ አትጀምሩ። ሣሩ የሚነቀለው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ አንድ ጥሩ ሰፌድ ደግሞ በትርፍ ጊዜ ከተሰፋ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሞሰብማ ከዚያም ይብሳል። አክስቶችሽ መሥራት ከፈለጉ አለላውን፣ ቀለም የተነከረውን ሣር፣ ገዝተው አንዲት ትንሽ ሙዳይ ለቀለበቱ ይስፉ። የቀረውን ከየቤቱ ሰብስቡ። የሶፋው መደገፊያ የታችኛውን አንድ ሜትር ስለሚሸፍነው የሚታየው የላይኛው 1.4 ሜትር ብቻ ነው፤ ለዚያ 15 ሰፌድ ይበቃል። ሰባቱ ትልልቅ፣ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፤ ስምንቱ ትንንሽ፣ 35 አካባቢ ይሁኑ። መጀመሪያ መሬት ላይ ጨርቅ አንጥፋችሁ ደርድሯቸው፤ ከላይ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ እንደ ፎቶው ስቀሉ። ሁለት ሙሽሮች ተቀምጠው ራሳቸው በሚደርስበት ቦታ ግን ሰፌድ አይኑር። በፎቶ ላይ ከራስ ጀርባ የተሰቀለ ሰፌድ ክብ አክሊል የደፋችሁ ያስመስላል። በሁለታችሁ መካከል አንድ ትልቅ፣ የቀሩት ከራስ በላይና ወደ ጎን ይሁኑ።

አሰቃቀሉ እንዲህ ነው። በፍሬሙ ላይ ከጨርቁ ፊት በየ30 ሳንቲ ሜትሩ አግድም ቀጭን ሽቦ ወጥሪ። ሰፌዱን በምስማር አትውጊው፤ ሙጫም አታስነኪው። በወስፌ በሁለት ዙሮች መካከል ክፍተት ከፍታችሁ የናይለን ክር አሳልፉ፤ ሣሩን ራሱን ከወጋችሁት ግን ይቆረጥና ዙሩ መፈታት ይጀምራል። ክሩ በሁለት ነጥብ ይታሰር፤ ሁለቱም ከሰፌዱ መካከል በላይ፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት። በአንድ ነጥብ ብቻ የታሰረ ሰፌድ ነፋስ ሲነካው ይዞራል፤ የደሴ ነፋስ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከጦሳ ተራራ በኩል ሲወርድ ድንኳን ውስጥም ይገባል። ለዚሁ ሲባል በሦስቱም እግሮች ላይ ግማሽ የተሞላ የአሸዋ ከረጢት ጫኑበት፤ በቄጠማ ይሸፈናል፤ አይታይም።

የተዋስሻቸው ሰፌዶች ጀርባ ላይ የባለቤታቸው ስም የተጻፈበት ትንሽ ጨርቅ በክር ታስሮ ይንጠልጠል። ፕላስተር አትለጥፉ፤ ሲነሣ ሣሩን ይዞ ይነሣል። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፤ ውሃ ውስጥ አትንከሩት፤ አለላው ቀለሙን ይለቅና ነጩን ሣር ያበላሻል። ከሠርጉ በፊት የሚቆይበት ክፍልም አየር ያለው ይሁን፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ የከረመ ሰፌድ ደሴ ላይ በጉሙ ብቻ ይሻግታል።

የምግብና የመጠጥ መደርደሪያው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ በወሎ ሠርግ የእንግዳ ክብር የሚጠበቀው እዚያ ላይ ነው። የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ለየብቻ እንደሚታረድ፣ ለየብቻ እንደሚሠራ ታውቂያለሽ፤ ስህተቱ የሚፈጠረው ግን ኩሽና ውስጥ ሳይሆን ከቀረበ በኋላ ነው። አንዱ ጭልፋ ከአንዱ ሰታቴ ወደ ሌላው ይገባል፤ አዲስ የመጣች አስተናጋጅ ሳህን ታቀያይራለች። ስለዚህ ሁለቱ መደርደሪያዎች በድንኳኑ ሁለት ጎን፣ ራቅ ብለው ይቁሙ። ለእያንዳንዱ አንድ ቀለም ስጪ፤ አረንጓዴና ወርቃማ እንበል። የመደርደሪያው ጨርቅ ጠርዝ፣ የሰታቴው እጀታ፣ የጭልፋው ጫፍ፣ የአስተናጋጇ ሽርጥ፣ ሁሉም በዚያው ቀለም ሪቫን ይታሰር። የጭልፋው ሪቫን ከእጀታው የላይኛው ጫፍ ላይ ይሁን፤ ወደ ታች ከታሰረ ወጥ ውስጥ ይገባል። ከላይ የሚሰቀለው ጽሑፍ «የሙስሊም»፣ «የክርስቲያን» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ የፊደሉ ቁመት ከ7 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ ያኔ ከድንኳኑ መሐል ይነበባል። በጌጥ አጻጻፍ አታጠማዝዙት። ሁለቱም እኩል ያምሩ። አንዱ መደርደሪያ አበባና ጥለት ለብሶ ሌላው ራቁቱን ከቆመ፣ ማንም ባይናገርም ሁሉም ያየዋል።

መጠጡም እንደዚያው ነው። ተጣርቶ በጆግ የቀረበ ጠላና የማያሰክረው ቃሪቦ በመልክ የሚለዩ አይደሉም። የቃሪቦው ጆግ አንገት ላይ አረንጓዴ፣ የጠላው ላይ ወርቃማ ሪቫን ይታሰር፤ አስተናጋጆቹም ቅዳሜ ማታ ተሰብስበው ይነገራቸው። 40 ጆግ ቢሆን ለአንዱ 50 ሳንቲ ሜትር ሪቫን፣ በጠቅላላው 20 ሜትር ነው። የሳቲን ሪቫን ጫፉ እንዳይተለተል በክብሪት ነበልባል አጠገብ ፈጥነሽ አሳልፊው፤ ቀልጦ ይዘጋል። ከጥጥ የተሠራ ከሆነ ግን ይቃጠላል እንጂ አይቀልጥም፤ ለእሱ ጫፉን በሰያፍ መቁረጥ ነው።

ለእንግዳ ጠረጴዛ ብዙ አትድከሚ። ብዙ ጊዜ የሚከራየው ጠረጴዛ 180 በ75 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አሥር አሥር ሰው ቢቀመጥ 30 ጠረጴዛ ይሆናል፤ ቢሆንም ሄደሽ በሜትር ለኪው። ከግራና ከቀኝ 25 ሳንቲ ሜትር ሳህን ሲቀመጥ መሐሉ ላይ የሚተርፈው 25 ብቻ ነው፤ እሱንም ውሃው፣ ለስላሳውና ጆጉ ይወስዱታል። ስልክ ላይ ያየሽው ረጅም የብርጭቆ ማስቀመጫ እዚህ ቦታ የለውም፤ መጀመሪያ የሚመጣው አስተናጋጅ አንሥቶ ከወንበር ሥር ያስቀምጠዋል።

ነጩን የጠረጴዛ ልብስ ተከራዪ፤ አንቺ መሐሉ ላይ የሚዘረጋውን ብቻ ስፊ። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 2.44 ሜትር ርዝመት ቁረጪ፤ 150 ስፋት ካለው ጨርቅ በአንድ ቁራጭ አምስት ይወጣል፤ ለ30 ጠረጴዛ 14.64 ሜትር ነው። ጥጥ ከሆነ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ 15.5 ሜትር ገዝተሽ ሳትቆርጪው እጠቢው። ጫፍና ጫፉ ላይ በሜትር የሚሸጠውን ጥለት ስፊበት፤ ለአንዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ለሁሉም 18 ሜትር፣ 20 ግዢ። ሙሉውን በሸማኔ ማሠራት ያምራል፤ ነገር ግን ወጥ የሚፈስበት ጨርቅ ላይ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት ተገቢ አይመስለኝም። አንዱ 20 ደቂቃ ቢወስድ ሁሉንም በ10 ሰዓት ትጨርሻለሽ።

መሐሉ ላይ ከ12 ሳንቲ ሜትር የማይሰፋ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ፣ ውስጡ ደረቅ አሸዋ፣ ሁለት ሦስት የባሕር ዛፍ ቅጠልና ሦስት የወረቀት አበባ ይበቃል። ውሃ አታድርጊበት፤ ያልተለሰነ ሸክላ ያዣል፤ ጨርቁ ላይ ክብ ምልክት ይተዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቅዳሜ ከተቆረጠ እሑድ ያለ ውሃም አይጠወልግም። ለወረቀት አበባው 50 ሳንቲ ሜትር በ2.5 ሜትር የሆነው ክሬፕ ወረቀት ጥሩ ነው። ቅጠሉን 5 በ7 ቁረጪ፤ 7ቱ ሳንቲ ሜትር የወረቀቱን መስመር ተከትሎ ይሁን፤ ወደ ጎን ሲሳብ የሚሰፋው እንዲያ ሲሆን ብቻ ነው፤ በተቃራኒው ከቆረጥሽው ቅርጽ አይይዝም። መሐሉን በሁለት አውራ ጣት ገፍተሽ ጎድጓዳ አድርጊው፤ ጫፉን በእርሳስ ላይ ጠቅልይው፤ 10 ቅጠል በሽቦ ዙሪያ እየደረብሽ በክር እሰሪ። ከአንድ ጥቅል 30 አበባ ይወጣል፤ 90 አበባ ሦስት ጥቅል ነው፤ አራተኛውን ለመጠባበቂያ ያዢ። አንዱ 12 ደቂቃ ቢፈጅ 18 ሰዓት ነው። ክሬፕ እርጥበት ከነካው ቀለሙ ይሮጣል፤ ስለዚህ ከድንኳን ውጭ አይቀመጥ፤ ቅዳሜ ማታም ጠረጴዛ ላይ አይደር፤ የደሴ የሌሊት እርጥበት ብቻውን ይበቃዋል። እሑድ ጠዋት ይደርደር።

እውነተኛ ጽጌረዳ ለእቅፍሽ፣ ለሚዜዎችና ለራሳችሁ ጠረጴዛ ብቻ ይሁን። ለአንቺ 25፣ ለአራት ሴት ሚዜ ሰባት ሰባት፣ ደረት ላይ ለሚሰካው 6፣ ለጠረጴዛው 30 ብትዪ 89 ነው፤ በመንገድ የሚሰበርና የሚጠወልግ ስለማይጠፋ 110 እዘዢ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዓርብ ማታ እንዲደርስ አድርጊ፤ በካርቶን ሆኖ ሰው ይዞት ይምጣ፤ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን። እንደደረሰ ከሥሩ 3 ሳንቲ ሜትር በስለታም ቢላ በሰያፍ ቁረጪ፤ መቀስ ግንዱን ጨፍልቆ ውሃ መሳቢያውን ይዘጋዋል። ውሃው ውስጥ የሚገባ ቅጠል አይኑር። ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳርና 4 ጠብታ በረኪና ጨምሪ፤ ስኳሩ ይመግበዋል፣ በረኪናው ግንዱን የሚደፍነውን ባክቴሪያ ይገታል። አንገቱ የተሰበረ የሚመስለውን አትጣይው፤ በጋዜጣ ቀጥ አድርገሽ ጠቅልለሽ፣ እንደገና ቆርጠሽ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ ድረስ ለሁለት ሰዓት አቁሚው፤ አብዛኛው ይቃናል። ለድግሱ የተገዛው ሙዝ ካለበት ክፍል ግን አርቂው፤ ሙዝ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ አበባን ያረግፋል። ደሴ ቀዝቃዛ ስለሆነ ለአበባ ይመቻል፤ ኮምቦልቻ ግን ሞቃት ነው፤ ፈጥኖ ይፈካል፤ ስለዚህ እሑድ ያገለገለውን ለማክሰኞ አትተማመኚበት። ለመልሱ የባሕር ዛፍና የወረቀት አበባ ይበቃል።

የቡናው ቦታ ከድንኳኑ አፍ አጠገብ ይሁን። ውስጥ ድረስ አስገብታችሁ ግድግዳውን ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ። ሲመሽ ብርዱ ስለሚያስገድድ ሰው ፍሙን ወደ መሐል ይስባል፤ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ራስ ያዞራል፣ ይገድላልም። ከፍሙ እስከ ማንኛውም የተንጠለጠለ ጨርቅ 2 ሜትር ይኑር፤ ሽፎን በአንድ ብልጭታ ይያያዛል። ሻማም በዚሁ ምክንያት ይቅር፤ መብራት ቢጠፋ በባትሪ የሚሠራ ትንንሽ መብራት ገዝተሽ ረከቦቱ ዙሪያ አድርጊ። እዚህ ላይ ያለሽን ሁሉ አውጪ፤ የአያት ጀበና፣ የተዋስሽው ሞሰብ፣ ጥለት ያለው የረከቦት ልብስ። ከአቦል እስከ በረካ ሰው እየተቀያየረ የሚቀመጥበት ስለሆነ በቅርብ የሚታየው ይኸው ነው። ለእንግዳ ማስታወሻ ቡና መስጠት ከፈለግሽ ለ300 ሰው ሳይሆን ለ100 ቤተሰብ አድርጊው። በከረጢት 30 ግራም ብትዪ 3 ኪሎ የተቆላ ነው፤ ሲቆላ ከክብደቱ እስከ አምስተኛው ስለሚቀንስ 3.75 ኪሎ ጥሬ ግዢ።

መግቢያው ላይ የቀርከሃ ወይም የባሕር ዛፍ ቅስት፣ ጽድና ቅጠል የለበሰ፣ ይበቃል። ቁመቱ 2.7 ሜትር ይሁን፤ በጃንጥላ ነው የምትገቡት። ቄጠማው ቅዳሜ መጥቶ ሥሩ ውሃ ውስጥ፣ ላዩ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ በጥላ ይደር። በአፈር ላይ ይጎዝጎዝ፤ በፕላስቲክ ምንጣፍና በሴራሚክ ላይ ግን ያንሸራትታል፤ ተረከዝ ያለው ጫማ ላደረገ ሰውማ አደገኛ ነው።

ስለ ፊኛ በአጭሩ፤ ኮምቦልቻ ነፍታችሁ ወደ ደሴ አትጫኑ። ደሴ 600 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል አየሩ ይሳሳል፤ ጠብቆ የተነፋ ፊኛ መንገድ ላይ ይፈነዳል።

ለመኪናው የሚደረገውም በዚሁ ዳገት ይወሰናል። እሑድ ጠዋት ከኮምቦልቻ ይዘውሽ ሲወጡ የሐረጎን ዳገት የሚወጣ መኪና ሞተሩ ይግላል። ከፊት ለፊት ያለውን የራዲያተር አየር ማስገቢያ በአበባና በጨርቅ የሸፈነ መኪና ዳገቱ መሐል ላይ ሊቆምባችሁ ይችላል። አበባው ኮፈኑ ላይ፣ ዝቅ ብሎ ይሁን፤ የሾፌሩን እይታ፣ ታርጋውን፣ ፍሬቻውንና መስተዋቱን አይንካ። በፕላስተር አትለጥፉ፤ በፀሐይ ይቀልጥና ቀለሙን ይዞ ይነሣል። ሪቫኑ ከኮፈኑ ውስጥ ታስሮ ይውጣ፤ ረጅም ጫፍ አይተው፤ በነፋስ እየተገረፈ ከጎማ ይጠመጠማል።

ሰዓቱ ካጠረባችሁ መጀመሪያ የቡናውን ከረጢት ሰርዙ፣ ቀጥሎ የወረቀት አበባውን በቅጠል ብቻ ተኩት። የሰፌዱን ግድግዳና የመደርደሪያውን ሪቫን ግን እስከ መጨረሻው ያዙ።

ቅዳሜ ማታ አንድ ቦርሳ ይዘጋጅ፤ መርፌና ነጭ ክር፣ 30 መርፌ ቁልፍ፣ ወስፌ፣ ናይለን ክር፣ መቀስ፣ ፒንሳ፣ አንድ ጥቅል ሽቦ፣ ሦስቱ ትርፍ ቡሎኖች ከዳዶና ሮንዴላቸው ጋር፣ የቡሎን መፍቻ፣ ከሁለቱም ቀለም 3 ሜትር ሪቫን፣ የሰፌዶቹ አደራደር ፎቶ ያለበት ስልክ ከነቻርጀሩ። ቦርሳው ከአምስቱ በአንዷ እጅ ይሁን፤ እሑድ የሚበጠስ ነገር ሁሉ እሷ ዘንድ ይሂድ፤ ሰኞ ሰፌዶቹን አንድ በአንድ እያየች የምታወርደውም እሷ ትሁን። በእናትሽ እጅ አይሁን፤ እሳቸው እንግዳ ተቀባይ ናቸው።